የእፍግታ መለኪያ ንባብና መጠነ ሙቀት፦ «እርማት» ወይስ «ማስተካከያ»?

ቢራን በቤት ውስጥ መጥመቅ በብዙ አገሮች የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ይህን ሥራ በአማርኛ ለማስረዳት የሚነሣ ሰው ቃላትን ከሁለት ምንጮች ይቀዳል። አንደኛው ከጠላና ከጠጅ ጠማቂዎች የወረስነው ነው፤ ብቅል፥ ጌሾ፥ ጥንስስ፥ ድፍድፍ፥ ብርዝ፥ ጉሽ፥ ቅራሪ የሚሉት ሁሉ ከዚህ ይገኛሉ። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ሳይንስ ነው፤ መጠነ ቁስ፥ ይዘት፥ እፍግታ፥ መጠነ ሙቀት የሚሉት ከዚያ ይመጣሉ። ሁለቱ ምንጮች የሚገናኙበት አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ሃይድሮሜትር የሚባለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የዚህን መሣሪያ ንባብ ከፈሳሹ መጠነ ሙቀት ጋር ማገናዘብ ምን ማለት እንደ ሆነና ተግባሩ ምን ተብሎ ሊጠራ እንደሚገባው ነው። ጉዳዩ የቃል ምርጫ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ስያሜው የተሳሳተ ሐሳብ ያዘለ ከሆነ ጠማቂው ወደ ተሳሳተ ውሳኔ ይመራል፤ የውሳኔውም መጨረሻ የጠርሙስ መፈንዳት ሊሆን ይችላል።

፩. መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

ሃይድሮሜትር ከታች ክብደት የተደረገበት፥ ከላይ ቀጭን አንገት ያለው፥ በአንገቱም ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት የያዘ የብርጭቆ ቱቦ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል። እፍግታው ከፍ ያለ ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እፍግታው ዝቅ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ግን ይበልጥ ይሰምጣል። ቁጥሩ የሚነበበው የፈሳሹ ገጽ አንገቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ነው። የመሣሪያው ሐሳብ ጥንታዊ ነው፤ በ5ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) መባቻ ግድም የቀሬናው ሲኔሲዮስ ለእስክንድርያዊቷ ፈላስፋ ለሂፓቲያ በላከው ደብዳቤ እንዲህ ያለ መሣሪያ እንድታሠራለት ጠይቋት ነበር። በቢራ ጠመቃ ረገድ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ሪቻርድሰን የመሣሪያውን አጠቃቀም የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1784 እ.ኤ.አ. አሳትሟል።

ከብቅል የወጣው ስኳር የሟሟበት ውሃ ከተራ ውሃ የበለጠ እፍግታ አለው። የተራ ውሃ ቁጥር 1.000 ቢሆን፥ የዚህ የብቅል ውሃ ቁጥር 1.050 ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማለት ይዘታቸው እኩል ሲሆን የብቅል ውሃው መጠነ ቁስ የተራውን ውሃ 1.050 ጊዜ ያህላል ማለት ነው። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ጠማቂው ከመፍላቱ በፊትና ከፈላ በኋላ የተነበቡትን ሁለት ቁጥሮች አቀናንሶ ልዩነቱን በ131.25 ሲያባዛ፥ በይዘት የተሰላውን የአልኮል መቶኛ በግምት ያገኛል።

ከዚህ ማብራሪያ ሦስት ስያሜዎች ተገቢ አለመሆናቸውን እንረዳለን። መሣሪያውን «የአልኮል መለኪያ» ብንለው፥ አልኮሉ የሚሰላ እንጂ በቀጥታ የሚነበብ አይደለም። «የክብደት መለኪያ» ብንለው ከሚዛን ጋር ይምታታል። «የውፍረት መለኪያ» ማለትም አሳሳች ነው። ወፍራም ጠላ፥ ቀጭን ጠላ እንላለን፤ ነገር ግን ምላስና ዓይን የሚለዩት ውፍረት ሌላ ነው። የምግብ ዘይት ሲፈስስ ከውሃ ይልቅ ወፍራም ነው፤ ሆኖም በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ የሚሆነው እፍግታው ከውሃ ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ «እፍግታ መለኪያ» የሚለውን እንመርጣለን።

፪. መጠነ ሙቀት ንባቡን እንዴት ይለውጣል?

የብቅል ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። በውስጡ ያለው ስኳር አልጎደለም፤ ነገር ግን ያው መጠነ ቁስ ሰፋ ያለ ይዘት ስለሚይዝ እፍግታው ይቀንሳል። የተራ ውሃ እፍግታ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሊ ሊትር 0.9982 ግራም ሲሆን በ40 ዲግሪ 0.9922 ግራም ነው። በመሆኑም በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ መሣሪያው ይበልጥ ይሰምጣል፤ ቁጥሩም ያንሳል። ቀዝቃዛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል።

መሣሪያው ሲሠራ ቁጥሮቹ የተወሰኑበት አንድ መጠነ ሙቀት አለ፤ ዛሬ በብዙዎቹ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በሌሎች 15.6 ዲግሪ (ይኸውም 60 ዲግሪ ፋራናይት) ነው። የትኛው እንደ ሆነ በቱቦው ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ይጻፋል። በ20 ዲግሪ የተሠራ መሣሪያ በ1.050 አካባቢ ሲነበብ የሚደረገው ለውጥ በግምት እንደሚከተለው ነው፦

ፈሳሹ 15 ዲግሪ ከሆነ 0.001 ይቀነሳል፤
25 ዲግሪ ከሆነ 0.001 ይደመራል፤
30 ዲግሪ ከሆነ 0.003 ይደመራል፤
35 ዲግሪ ከሆነ 0.004 ይደመራል፤
40 ዲግሪ ከሆነ 0.006 ይደመራል።

ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን ሒሳቡ አስተማማኝነቱ ስለሚቀንስ፥ ብርጭቆውም በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፥ ናሙናውን አቀዝቅዞ መለካት ይሻላል። ጠላን ለመለካት የሚፈልግም ድፍድፉን እንዳለ ሳይሆን ተጣርቶ ጋዙ የወጣለትን ፈሳሽ ሊጠቀም ይገባዋል፤ እህሉና አረፋው መሣሪያውን ደግፈው ከፍ ያደርጉታልና።

፫. ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

ሁለት ምሳሌዎችን እናቅርብ። አንድ ጠማቂ በ40 ዲግሪ 1.044 አነበበ እንበል። ከመፍላት በኋላ በ20 ዲግሪ 1.010 አገኘ። ሁለቱን እንዳሉ ቢያቀናንስ አልኮሉ 4.5 በመቶ ያህል ይመስለዋል። የመጀመሪያውን ንባብ ወደ 20 ዲግሪ ቢመልሰው ግን 1.050 ስለሚሆን አልኮሉ 5.25 በመቶ ያህል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ አስጊ ነው። መፍላቱ ማብቃቱ የሚታወቀው ቁጥሩ በተከታታይ ቀናት ሳይለወጥ ሲቀር ነው። ማሰሮው ከምድጃ አጠገብ ሳለ፥ ፈሳሹ 30 ዲግሪ ሆኖ 1.012 ተነበበ እንበል። ከሁለት ቀን በኋላ ማሰሮው ወደ ቀዝቃዛ ጓዳ ገብቶ፥ ፈሳሹ 15 ዲግሪ ሆኖ እንደ ገና 1.012 ተነበበ። ጠማቂው «አብቅቷል» ብሎ ወደ ጠርሙስ ቢገለብጠው ይሳሳታል። በ20 ዲግሪ ሲታሰብ የመጀመሪያው 1.015፥ ሁለተኛው ደግሞ 1.011 ነው፤ ስኳሩ ገና በመለወጥ ላይ ነበር ማለት ነው። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ የሚቀጥለው መፍላት የሚያወጣው ጋዝ መውጫ ስለማይኖረው ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ብርጭቆውን ሊሰብረው ይችላል።

፬. ተግባሩን ምን እንበለው?

በእንግሊዝኛ «ኮሬክሽን» የሚባለውን ይህን ተግባር «እርማት» ብሎ መተርጐም ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላትም ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ በአማርኛ የሚታረም ነገር ስሕተት ያለበት ነው። መምህር የሚያርመው የተማሪውን ስሕተት ነው፤ አራሚ የሚያርመውም የአታሚውን ግድፈት ነው። ከላይ በሰጠናቸው ምሳሌዎች ግን ማንም አልተሳሳተም። መሣሪያው በ30 ዲግሪ ያለውን እፍግታ በትክክል ተናግሯል። ንባቡ «ስሕተት» ነው የተባለ ጀማሪ ወይ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ስሕተቱ አንድ ጊዜ ከታረመ የሚያበቃ መስሎት በየጊዜው ቴርሞሜትር ማየቱን ይተዋል።

ነገሩ ከዘመን አቆጣጠር ጋር ይመሳሰላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው ስንመልስ ቀኑን አናርመውም፤ ሁለት ቀኖችን ለማነጻጸር ግን በአንድ አቆጣጠር መጻፍ አለባቸው። ንባቦችም እንዲሁ በአንድ መጠነ ሙቀት ካልተጻፉ አይነጻጸሩም። «ማካካሻ» የሚለውንም መርምረነዋል፤ ነገር ግን የጎደለን መሙላት ብቻ ስለሚመስል መቀነስ ለሚያስፈልግበት ጊዜ አይስማማም። «ማስተካከያ» ግን መጨመርንም መቀነስንም ይይዛል፤ ስሕተትንም አያስቀድምም።

ማስተካከያው የሚደረግበት መነሻም ስም ያስፈልገዋል። ክራር ደርዳሪ ከመጫወቱ በፊት ክሮቹን ይቃኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የሚመዘነው በቅኝቱ ነው። መሣሪያውም በ20 ወይም በ15.6 ዲግሪ የተቃኘ ነው ብንል ጠማቂው ሐሳቡን ያለ ችግር ይረዳዋል። «ቅኝት» በሙዚቃ ሥር የሰደደ ቃል በመሆኑ እንዳይምታታ የሚሰጉ ይኖራሉ፤ እኛ ግን «የቅኝት መጠነ ሙቀት» ተብሎ ሲጣመር ፍቺው ግልጽ ይሆናል ብለን እናምናለን።

በመጨረሻም «ሙቀት» ብቻውን «መጠነ ሙቀት»ን ሊተካ አይገባውም። አንድ ስኒና አንድ እንስራ የብቅል ውሃ እኩል 30 ዲግሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንስራውን እዚያ ለማድረስ የሚፈጀው ሙቀት ግን እጅግ ይበልጣል። መሣሪያው የሚሻው ዲግሪውን ነው።

፭. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

እፍግታ መለኪያ፦ በፈሳሽ ላይ ተንሳፍፎ አንጻራዊ እፍግታውን የሚያሳይ መሣሪያ፤ ሃይድሮሜትር።
አንጻራዊ እፍግታ፦ የአንድ ፈሳሽ እፍግታ ለውሃ እፍግታ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር።
የብቅል ውሃ፦ የብቅል ስኳር የሟሟበት፥ ተጣርቶ እርሾ ያልገባበት ፈሳሽ፤ እህሉን ከያዘው ከድፍድፍ ይለያል።
ንባብ፦ የፈሳሹ ገጽ የመሣሪያውን አንገት በሚያቋርጥበት ላይ የሚታይ ቁጥር።
የቅኝት መጠነ ሙቀት፦ የመሣሪያው ቁጥሮች የተወሰኑበት መጠነ ሙቀት።
የመጠነ ሙቀት ማስተካከያ፦ ንባብን ወደ ቅኝት መጠነ ሙቀት ለመመለስ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ቁጥር።

እነዚህ ስያሜዎች የሚጸኑት ጠማቂዎችና መምህራን በሥራ ላይ ሲፈትኗቸው ነው። የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን፤ የምንጠይቀው ግን ቃሉ ጠማቂውን ከእያንዳንዱ ንባብ ጎን ዲግሪውን እንዲጽፍ የሚያስታውሰው እንዲሆን ነው።