የውፍረት ክርክርና የተረሳው ርቀት

በወር አንድ እሁድ አውራ ጎዳና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» ሲባል፣ ሬዲዮው ስለ ስኳርና ደም ግፊት ሲያስጠነቅቅ፣ በለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ ሲጣል የሚሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሕፃናት በምግብ እጥረት በሚቀጭጩበት አገር ስለ ውፍረት መነጋገር ቅንጦት አይደለምን? ደግሞስ ማን ምን እንደሚበላ መንግሥትን ምን አገባው? ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ይስቱታል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶዎቹ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን የወፍራሞቹ ድርሻ 29 በመቶ ነበር። ረሃቡም እውነት ነው፣ ውፍረቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስተባብልም። እንዲያውም በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ያድራሉ። ሆድ የሚሞላው በዳቦ፣ በዘይትና በስኳር ሆኖ ጎመኑ፣ እንቁላሉና ወተቱ ሲጎድል ልጁ ይቀጭጫል፣ እናቱ ትወፍራለች። ውፍረትን የጥጋብ በሽታ አድርጎ መቁጠር የድሃውን ሕመም መካድ ነው።

የዕድሜው ነገርም እንዲሁ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የተወለደ ኢትዮጵያዊ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ግምቱ ከ65 አልፏል። ይህ ታላቅ ድል ይበልጡን የተገኘው ክትባቱ፣ አጎበሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ድካም ሕፃናትን ከሞት ስላተረፉ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጨመረው ዕድሜ ግን በአብዛኛው ከጎልማሶች መገኘት አለበት። በአዲስ አበባ መቃብር ቦታዎች በተያዘ የቀብር መዝገብና ከሟች ቤተሰቦች በተሰበሰበ ቃል ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ከ2006 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከሞቱት አዋቂዎች ግማሽ ያህሉን የወሰዱት እንደ ልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ስኳርና ካንሰር ያሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መሆናቸውን አመልክቷል። ይህ እንግዲህ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያለፈው ሁኔታ ነው።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስን ከለከለ፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከቀኑ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት አስወጣ። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጥንም ይመለከታል። ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየእሁዱ የምታደርገውን የመሰለው «መንገድ ለሰው» በኅዳር 2011 ዓ.ም. ተጀመረ። ሁሉንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ሁሉም የሚያነጋግሩት የግለሰቡን ፈቃድ ነው፤ አታጭስ፣ ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ ይሉታል።

ከሚገባው በታች ትኩረት አግኝቷል የምለው ምክንያት ርቀት ነው። ቤት ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሥራና ከጸሎት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሰው የሚበላውንና የሚራመደውን ከየትኛውም ምክር በላይ ይወስናል። አዲስ አበባ ከግማሽ በላይ ጉዞዋ በእግር የሚደረግባት ከተማ ናት፤ መሃል ከተማው አራዳ ደግሞ የዚህ ልማድ እናት ነች። ከሠራተኛ ሰፈር፣ ከዶሮ ማነቂያ ወይም ከሰባ ደረጃ የሚነሳ ሰው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንን ለመሳለም፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ለመጨረስ፣ አራት ኪሎ ለመድረስ እግሩ ይበቃው ነበር። መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት የሚሄድ የአራዳ ሰው ስፖርት ብሎ ሳይጠራው በአምስት ቀን ይጨርሰዋል።

ምግቡም በዚያው መንገድ ላይ ነበር። አትክልት ተራ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ከተማውን መግቧል። ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች ማለዳ ወርደው የገዙትን ቲማቲም፣ ጎመንና ቃሪያ በየመንደሩ ደጃፍ በመደብ ይሸጡት ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ለ2013ቱ ጥምቀት ሜዳው እንዲለቀቅ ሲባል ደግሞ በደቡብ በኩል ወዳለው ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ጭቃውና ግፊያው ማንንም አይናፍቀውም፤ ለመነሳቱ በቂ ምክንያት ነበረው። ሆኖም የጉልት ነጋዴዋ የመኪናና የጫኝ ወጪ ጨመረ፤ ያ ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ በጎመኑ ዋጋ ላይ ያርፋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገ አገር አቀፍ ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚመከረውን ያህል አትክልትና ፍራፍሬ እንደማይበሉ አሳይቷል። በዚህ አገር የአትክልት ገበያ ማንሳት የጤና ውሳኔ ነው፤ የተወሰነው ግን ቦታ እንደማስለቀቅ ጉዳይ ነው።

ከዚያ የከተማውን ዋና ዋና መንገዶች ዳር የሚያድሰው የኮሪደር ልማት መጣ። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ የአራዳዋ ፒያሳ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ቦሌ አራብሳን ወደመሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ተዛወሩ። የራስ መጸዳጃና ኩሽና ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀበሌ ቤትን ኑሮ የሚያውቅ ይህን አይክድም። ነገር ግን ሥራው ፒያሳ የቀረ ሰው ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ ይሰለፋል፣ ተቀምጦ ይሄዳል፣ መሽቶበት ይገባል፤ ምሳው ፓስቲና ሳምቡሳ ይሆናል። የቀረበትን የእግር መንገድ በወር አንድ እሁድ አይመልስለትም። አራዳ በበኩሏ ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አግኝታለች፤ መልካም ነው። ጥያቄዬ በዚያ መንገድ በየቀኑ ለሥራና ለገበያ ይመላለስ የነበረው ሰው አሁን የት ነው የሚለው ነው። የእግረኛ መንገድ ለጤና የሚጠቅመው ዳርና ዳሩ ላይ ሰው ሲኖር ነው።

መንግሥት በምግባችን ምን አገባው ለሚሉም መልሱ እዚሁ አለ፤ ከገባ ቆይቷል። ለዓመታት በሸማቾች ማኅበር ደጅ ተሰልፈን የወሰድነው የሚረጋ ዘይትና ስኳር በመንግሥት ድጎማ የቀረበ ነበር። ዓላማው ኑሮን ማቃለል ነበር። ግን አንዱ መሥሪያ ቤት የፓልም ዘይትን ርካሽ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ሌላው ስለ ስብ ጉዳት ቢያስተምር የሚያሸንፈው ዋጋው ነው።

መዘዙን የሚሸከመው ቤተሰብ ነው። ስትሮክ የ50 ዓመት አባወራ ሲጥል ቤቱ የእሱን ገቢ፣ ቀጥሎም አስታማሚ የምትሆነውን ልጅ ደመወዝ ያጣል። የስኳር መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥበት ይከተላል። ለኤች አይ ቪ፣ ለቲቢና ለወባ ለጋሾች ብዙ ገንዘብ ሰጥተዋል፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ግን አብዛኛውን ከኪሱ ይከፍላል። በአራዳ እንዲህ ያለ ጊዜ ጎረቤት ያስታምማል፣ እድርተኛ ይጠይቃል። ሰፈር ሲበተን ይህም ይሳሳል።

ይህን ሁሉ የምለው ታክሱ ይነሳ፣ እሁዱ ይቅር ለማለት አይደለም። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በስኳር መጠጥ ላይ ታክስ ስትጥል ሽያጩ ቀንሷል፤ የእኛም ይጥበቅ። ግን ጤና ሚኒስቴር በፖስተር ብቻ አያሸንፍም። ከተማው ገበያ ከማንሳቱና ሰፈር ከማዛወሩ በፊት፣ አንድ ቤተሰብ ትኩስ አትክልት ለመግዛትና ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስ ስንት ደቂቃ በእግር እንደሚሄድ ይቁጠር፤ የቆጠረውንም ለሕዝብ ያሳውቅ። የእሁድ ገበያዎች አምራቹን ወደ መንደር በማቅረባቸው ትክክለኛውን አቅጣጫ ይዘዋል፤ ወደ ሌሎቹ ቀናትና ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ይስፉ። ደንብ አስከባሪ ጉልት ነጋዴዋን ከማባረር ይልቅ ውኃና ጥላ ያለው መደብ ይሰጣት። የዜጎች ዕድሜ እንዲረዝም ከልብ ከተፈለገ፣ የከተማ ፕላን ቢሮም ስለ ደም ግፊት ሊጠየቅ ይገባል።