ከሥዕል ድርድር እስከ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፡ የአኒሜሽን ሙያ ቃላት ምን ማለት ናቸው?

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚጠራ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈና በሥዕሎች ያጌጠ የብራና ወንጌል ይገኛል። የተመልካቹ ዐይን ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲሻገር ታሪኩ ይራመዳል፤ ሥዕሎቹ ግን ባሉበት ይቆያሉ። ዛሬ ልጆች በቴሌቪዥን፣ አርሶ አደሮች በእጅ ስልካቸው የሚመለከቱት አኒሜሽንም የሥዕል ድርድር ነው። ልዩነቱ የሥዕሎቹ ብዛትና ዐይን ለያይቶ ሊያያቸው በማይችለው ፍጥነት መከታተላቸው ነው።

አኒሜሽን የልጆች መዝናኛ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ቀርቷል። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ አንድ ፕሮግራም፣ እህልን ከነቀዝ ስለ መጠበቅና በሽታን ስለ መከላከል አጫጭር አኒሜሽኖች አዘጋጅቶ፣ ሥዕሉን ሳይለውጥ ድምፁን ብቻ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች እየቀየረ ያሰራጫል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ታዲያ ሥዕሉ ከአካባቢው እውነታ ጋር ባይገጥምስ? ስህተቱ በምን ደረጃ ላይ ሊታረም እንደሚችል ለማወቅ የሙያውን ቃላት መረዳት ያስፈልጋል።

የሥራው መነሻ ስክሪፕት ይባላል፤ ማን ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ወደ ሥዕል ሲለወጥ ስቶሪቦርድ ይሆናል። ይህም እያንዳንዱ ትዕይንት በእርሳስ ተነድፎ፣ በተርታ በተሰመሩ ሳጥኖች ውስጥ የሚቀመጥበት ወረቀት ነው። ከተማ ያደገ ሠዓሊ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ሲስል ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር ሳያያይዝ ቢቀር፣ ስቶሪቦርዱን የተመለከተ አርሶ አደር ወዲያው ይጠቁመዋል። ላጲስ ብቻ ይበቃል።

የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች በየተራቸው፣ በታሰበላቸው የጊዜ ርዝመት ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር ሲቀናጁ አኒማቲክ ይባላሉ። ሥዕሎቹ ገና አይንቀሳቀሱም፤ የፊልሙ ርዝመትና አካሄድ ግን ይታያል። ከሙያው ቃላት ሁሉ ለአርሶ አደሩና ለቀበሌው ነዋሪ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት ቤትም ሆነ ኅብረት ሥራ ማኅበር አኒሜሽን ሲያሠራ፣ ቀጣዩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «አኒማቲኩን አሳዩን» ማለት ይችላል።

ከዚህ በኋላ ድካሙ ይበረታል። ፍሬም ማለት አንዲት ነጠላ ሥዕል ናት። በሲኒማ ልማድ ለአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ያስፈልጋል፤ በሀገራችን ቴሌቪዥን 25 ነው። በ24 ብናሰላው የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ፍሬም ይሆናል። ሠዓሊዎች አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም በማቆየት ቁጥሩን ወደ 720 ያወርዱታል፤ ያም ቢሆን ቀላል አይደለም። ገበሬው ጅራፉን ወደ ላይ ያነሣበትና ጅራፉ ያረፈበት ሥዕሎች ቁልፍ ፍሬም ይባላሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን ጉዞ የሚሞሉት ደግሞ መካከለኛ ሥዕሎች ናቸው፤ በእጅ ወይም በኮምፒውተር ይሠራሉ።

ቱዲ የሚባለው በወረቀት ላይ እንዳለ ሥዕል ርዝመትና ስፋት ብቻ ያለው ነው። ስሪዲ ጥልቀት ስላለው ገጸ ባሕርዩን ዞሮ ከጀርባው ማየት ይቻላል። በስሪዲ ሥራ ገጸ ባሕርዩ እንዲንቀሳቀስ በውስጡ የሚገባለት አጥንትና መገጣጠሚያ ሪግ ይባላል። ስቶፕ ሞሽን ደግሞ አንድን ነገር ጥቂት እየለወጡ፣ በየለውጡ ፎቶግራፍ በማንሣት የሚሠራ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ «ሒሳብ» የተሰኘ ፊልሙን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ ደጋግሞ እየሳለና ፎቶ እያነሣ ነው። ታሪኩም ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፦ በታክሲ ተሳፍራ ሒሳቧን የከፈለች አህያ ለመኪና መንገድ አትለቅም፤ ሳትከፍል የወረደች ፍየል መኪና ስታይ ትሸሻለች፤ መልሱን ያልተቀበለ ውሻ ግን እስከ ዛሬ መኪና ያሳድዳል።

አሻንጉሊትን በእጅ እያንቀሳቀሱ በቀጥታ መቅረጽ ግን አኒሜሽን አይደለም። በብሩክታዊት ጥጋቡ ተባባሪ መሥራችነት የተቋቋመው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የታወቀው በአሻንጉሊቷ ቀጭኔ ነበር። ልዕለ ኃይል ስላላቸው ሦስት ልጃገረዶች የሚተርከው «ጥበብ ገርልስ» ግን የዚሁ ተቋም የአኒሜሽን ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚመስለው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ድምፅ እንደሚጨመር ነው። ለሚነጋገሩ ገጸ ባሕርያት ግን የተዋናዮቹ ድምፅ አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ሠዓሊው የከንፈሩን እንቅስቃሴ ከድምፁ ጋር ያስማማል። ይህ ሊፕ ሲንክ ይባላል። ከንፈሩ ለሌላ ቋንቋ የተሳለ ገጸ ባሕርይ አማርኛ ሲናገር አፉና ቃሉ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። በተራኪ ድምፅ ብቻ የሚቀርብ ፊልም ይህ ችግር ስለሌለበት ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ይቀላል። ማጀቢያ ሙዚቃም ስሜትን ይመራል፤ የአንድ ማሳ ትዕይንት በአምባሰል ቅኝት ሲታጀብና በሌላ ቅኝት ሲታጀብ አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጥም።

የመጨረሻው ቃል ሬንደሪንግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቀለሙን፣ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ እያንዳንዱን ፍሬም አጠናቅቆ የሚያወጣበት ሂደት ነው። ለአንድ የስሪዲ ፍሬም ብቻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ሞፈሩ ከቀንበሩ አለመያያዙ በዚህ ደረጃ ላይ ቢታወቅ፣ በሬዎቹ የታዩበት ትዕይንት ሁሉ ታርሞ እንደገና ሬንደር መደረግ አለበት።