ወባ በጋውን የት ይሰነብታል?

ከመተማ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ ከብት ሲነዳ የኖረ ነጋዴ የመንገዱን ወራት ጠንቅቆ ያውቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ያጨቀየዋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ከታኅሣሥ በኋላ ምድሩ ይደርቃል፣ ትንኙም ይሳሳል። ያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ «ወባ አለፈ» ይላል። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ግን ይህ ስሌት ያከስራል።

ማስረጃው የተገኘው እዚያው ገዳሪፍ፣ አሳር በምትባል መንደር ነው። ሱዳናዊው ተመራማሪ ሐምዛ ባቢከርና ባልደረቦቹ በወባ ወቅት ታመው የታከሙ ሰዎችን በበጋው ወራት ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። ሕመም በማይሰማቸውና በማይክሮስኮፕ ምንም ባልታየባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ጥገኛ ተሕዋሱ በዘረመል ምርመራ ተገኘ። አንዳንዱም ቀድሞ የነበረው ያው ዓይነት ነበር። ወባ በጋውን የሚያሳልፈው በሰው ደም ውስጥ ነው ማለት ነው።

ምርመራው ለከብት ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሁለት ዳልቻ በሬዎች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ባለቤቱ ግን በምልክታቸው ይለያቸዋል። የወባ ተሕዋስ ምልክቱ ዘረመሉ ላይ ነው። ኤምኤስፒ1፣ ኤምኤስፒ2 እና ግለርፕ የተባሉት ዘረመሎች ከተሕዋስ ተሕዋስ ይለያያሉ። የታከመች ነፍሰ ጡር ከሳምንታት በኋላ ዳግም ብትታመም፣ የፊቱና የኋላው ደም ምልክት ይነጻጸራል። አንድ ከሆነ መድኃኒቱ አላጠፋውም፤ ከተለያየ አዲስ ትንኝ ነክሷታል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚታወቀው በዚህ ነው።

በእርግዝና ጊዜ ችግሩ ይከፋል። ተሕዋሱ ቫር2ሲኤስኤ በሚባል ፕሮቲን እንግዴ ልጁ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከጣት የተወሰደው ደም ንጹሕ መስሎ እንግዴ ልጁ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለቅባቸው አገሮች ሴቶች በየወሊዱ መከላከያ ያዳብራሉ፤ ይበልጥ የምትጎዳው የመጀመሪያዋን የምታረግዝ ናት። እንደ ገዳሪፍ ወባ በወቅት በሚመጣበት አካባቢ ግን አምስተኛዋን ያረገዘችም አትድንም። ውጤቱ የደም ማነስ፣ ማስወረድ፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ነው።

ከኢትዮጵያ ወገን ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ በተደረገ ጥናት፣ ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የማያመርቱ ተሕዋሳት ተገኝተዋል። ከነዚሁ አካባቢዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ አርቴሚሲኒንን ከመላመድ ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥም ታይቷል። ከብት ድንበር ሲሻገር የክትባት ወረቀት ይጠየቃል፤ ወባ ግን በነጂው፣ በቀን ሠራተኛውና በቤተሰቡ ደም ውስጥ ሳይጠየቅ ያልፋል።

በዚህ መስመር የሚሠራ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ነፍሰ ጡር በበጋም ቢሆን ትኩሳት ወይም ድካም ከተሰማት ትመርመር። ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቃት ተመልሳ በማይክሮስኮፕ ትታይ። ከዚህ በፊት መቼና በምን እንደታከመች፣ ስንት ወሯ እንደሆነ ለባለሙያው ትንገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ መክሯል። የሦስት ቀኑ ስድስት ጊዜ መድኃኒት ሻል ሲላት አይቋረጥ። ግማሽ መንጋ ከትቦ ግማሹን መተው ምን እንደሚያስከትል የከብት ባለቤት ያውቀዋል።

አጎበሩም የመጀመሪያው ዝናብ ከመጣሉ በፊት ይሰቀል። ትንኙ ሲመለስ የሚጠብቀው ወባ በሰው ደም ውስጥ ከርሟልና።