ጉንፋን ይዞኝ ቤት ስውል ከኪሮሽ የተማርኩት (የእጅ መደንዘዝን ችላ አትበሉ!)

ሰሞኑን «ዶክተር ምነው ጠፋህ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። አመሰግናለሁ። ታምሜ ነበር። አዎ፣ ሐኪምም ይታመማል 😀

ተረኛ ሆኜ ያደርኩ ለት የሚያስሉና የሚያስነጥሱ ታካሚዎችን ሳይ አድሬ፣ በሁለተኛው ቀን ጉሮሮዬን ከረከረኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ውጪ የነሐሴ ዝናብ፣ እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ አልጋ ላይ። በየቀኑ ለታካሚዎቼ «እረፍት አድርጉ» እላለሁ። እረፍት ማድረግ እንዴት እንደሚከብድ ግን ያወቅኩት አሁን ነው። ስልኬን እየነካካሁ እውላለሁ፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ራስ ምታቴ ይብሳል፣ እንቅልፍም የለም።

እናቴ ታዝባ ታዝባ መጣችና ስልኬን ተቀበለችኝ። ከቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ፌስታል አወጣች፦ ነጭ ክርና ኪሮሽ። «እንካ፣ እጅህን ሌላ ሥራ ስጠው» አለችኝ።

«እማዬ፣ እኔ ዳንቴል ልሠራ?» ብዬ ሳቅኩ።

«ሸማኔው ወንድ አይደል እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

📌 መጀመሪያ ስለ ጉንፋኑ

ወደ ኪሮሹ ከመመለሳችን በፊት ወቅቱ ነውና ዋና ዋናውን ልንገራችሁ።

👉 ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚመጡት ከቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊንም ሆነ አዚትሮማይሲን ቫይረስ አይገድሉም። ፋርማሲ ሄዳችሁ ለጉንፋን ብላችሁ አንቲባዮቲክ አትግዙ።

👉 ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይበቃል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በ6 ሰዓት ልዩነት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉበት ችግር ያለበት ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

👉 የዝንጅብል ሻይ፣ የጦስኝ ሻይ፣ ማር በሎሚ፣ ሾርባ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ፈሳሽም ይተካሉ። ጠጡ። ማር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም።

👉 የመተንፈስ ችግር፣ የደረት ውጋት፣ መዘባረቅ፣ ከ3 ቀን ያለፈ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወይም ተሽሏችሁ እንደገና ካገረሸባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሳል 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የቲቢ ምርመራ ያስፈልጋል።

📌 ወደ ኪሮሹ ስንመለስ

እናቴ ማስክ አድርጋ፣ እኔም ማስክ አድርጌ፣ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ትምህርት ጀመርን። መጀመሪያ ሰንሰለት። ክሩን ጠምዘዝ፣ በኪሮሹ ያዝ፣ ሳብ። የመጀመሪያዎቹን 20 ዓይኖች ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ለግማሽ ሰዓት ስለ ትኩሳቴም፣ ስለቀረሁበት ተረኛም አላሰብኩም።

ነገሩ ገረመኝና ትኩሳቴ ሲበርድ ስለ እጅ ሥራ ማንበብ ጀመርኩ። «ኪሮሽ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፣ ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። «ዳንቴል»ም የፈረንሳይኛ ነው፣ ሥሩ «ጥርስ» የሚለው ቃል ነው። የዳንቴሉን ጠርዝ አይታችሁት ከሆነ እውነትም ጥርስ ይመስላል። ሹራብ በሁለት ረጃጅም መርፌ ይሠራል፣ ዳንቴል በአንድ ኪሮሽ። በዓለም ላይ ከተገኙት ጥንታዊ የሹራብ ሥራዎች መካከል ከግብፅ የተገኙ፣ ብዙ መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል።

በሕክምናው በኩልስ? እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ የእንግሊዝ የኦኩፔሽናል ቴራፒ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሹራብ የሚሠሩ 3,545 ሰዎችን ጠይቋል። ቶሎ ቶሎ የሚሠሩት የበለጠ መረጋጋትና ደስታ እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ይሄ መጠይቅ ስለሆነ «ሹራብ መሥራት መድኃኒት ነው» ብሎ አያረጋግጥም። ጉንፋንንም አያሳጥርም። ግን አእምሮን ከጭንቀት ላይ አንስቶ እጅ ላይ ያሳርፋል፣ ይሄን እኔም አይቼዋለሁ።

📌 የእናቴ እጅ

በሦስተኛው ቀን አበባ አሠራር እያሳየችኝ ሳለ ኪሮሹ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወደቀ። ከዚያ ቀኝ እጇን ቴርሞሜትር እንደሚያራግፍ ሰው ሁለት ሦስቴ አራገፈችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም፣ ብርድ ነው። ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛል፣ ሳራግፈው ይተወኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ሦስተኛ ዓመት ሳለህ።»

ሦስተኛ ዓመት ማለት ገና የሕክምና ተማሪ እያለሁ ነው። ያኔ እናቴ የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የምትሰጠኝ ዳንቴል ሠርታ እየሸጠች ነበር። ስንት ሰው እጅ መርምሬያለሁ። እናቴ ግን ከጎኔ ተቀምጣ እጇን ስታራግፍ አላየሁም፣ ወይም አይቼ አላስተዋልኩም። መዳፏን ገልብጬ ሳየው ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ጡንቻ ከግራው ይልቅ ጠፍጥፏል።

📌 ይህ በሽታ ምንድን ነው?

ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል። የእጃችን አንጓ ላይ ጠባብ ዋሻ የመሰለ መተላለፊያ አለ። በዚያ ውስጥ ጣት የሚያጥፉ ጅማቶችና ሚዲያን የሚባል ነርቭ ያልፋሉ። ቦታው ሲጠብ ወይም ሲያብጥ ነርቩ ይጨመቃል።

የክፍለ ከተማችን ስም «ንፋስ ስልክ» የመጣው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው ጣቢያ ነው ይባላል። የእጃችን ነርቭ ግን ያለ ሽቦ አይሠራም፣ ሽቦው ራሱ ነው። ሲጨመቅ መልእክቱ ይቆራረጣል።

ምልክቶቹ፦
✅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ ወይም ይወራል። ትንሿ ጣት አብዛኛውን ጊዜ አትነካም።
✅ ሌሊት ይብሳል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ሲያራግፉት ቀለል ይላል።
✅ ሲቆይ ዕቃ ከእጅ ይወድቃል፣ ቁልፍ መቆለፍ ይከብዳል፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለው ጡንቻ ይሟሽሻል።

ሴቶች ላይ ይበዛል። እርግዝና፣ ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያጋልጣሉ። ዳንቴል ብቻውን ያመጣዋል ማለት አይቻልም። ግን አንጓን አጥፎ ለረጅም ሰዓት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ መደጋገም ያባብሰዋል። ስልክ ይዞ መዋልም እንዲሁ።

ሕክምናው፦ በጊዜ ከተደረሰበት ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ለተወሰኑ ሳምንታት ማድረግ ብዙ ሰው ይረዳል። ካልበቃ መርፌ፣ እሱም ካልበቃ ነርቩን ከጫና የሚያላቅቅ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ። ጡንቻው መሟሸሽ ከጀመረ ግን መዘግየት አያስፈልግም፣ ያለቀው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና።

የእናቴን ስኳርና ታይሮይድ አስመረመርን፣ ደህና ነው። በስፕሊንቱ እንቅልፍ መተኛት ጀምራለች። ቀዶ ሐኪም ግን ሊያያት ይገባል። እሷ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ትዕዛዝ አለባት፣ «በዓሉ ይለፍ» አለች። ተከራከርን። በመጨረሻ ተስማማን፦ ቀጠሮው በዓሉን አይጠብቅም፣ ሰንሰለቱን እኔ እሠራለሁ፣ አበባውን ታላቅ እህቴ። ደንበኛዋ ጠርዙ ትንሽ ጠማማ ሆኖ ብታገኘው የኔ ነው፣ ይቅርታ ታድርግልኝ 🙏

📌 እጅ ሥራ ለምትወዱ

👉 በየ20 እና 30 ደቂቃው አቁማችሁ ጣታችሁን ዘርጉ፣ አንገታችሁን ቀና አድርጉ።
👉 አንጓችሁ ቀጥ ይበል። እጀታው ወፈር ያለ ኪሮሽ ይሻላል።
👉 ብርሃን ባለበት ሥሩ። ትኩሳቱ ከበረታ ኪሮሹን አስቀምጣችሁ ተኙ።
👉 መርፌና ክር ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ እናታችሁን፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ልብስ የሚያጥቡትን፣ እንጀራ የሚጋግሩትን፣ «ሌሊት እጅሽ ይደነዝዛል?» በሏቸው። «ብርድ ነው» ካሏችሁ አትለፉት። ትንሿ ጣትስ ብላችሁ ጠይቁ፣ አውራ ጣታቸውን እዩ። ከዚያ ይዛችኋቸው ኑ።

(እናቴ ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ጽሑፉ ለግንዛቤ ነው፣ የሐኪም ምርመራን አይተካም።)

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ለምትወዱት ሰው ሼር አድርጉ። ጤና ይስጥልን!