ጣውላ፣ ፓርኬ እና የመወልወያው ባልዲ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ስለ ሰገነታቸውና ስለ በረንዳቸው ብዙ ተወራ፤ ስለ ወለላቸው ያነሳ ግን ጥቂት ነው። ወለል ሲረገጥ እንጂ ሲታይ አይኖርም መሰለኝ። አሁን አፓርትመንት ገዝቶ ፊኒሺንግ የጀመረ ሰው ሴራሚክ ካልፈለገ በአብዛኛው ከፓርኬ፣ ከላሚኔትና ከኤስፒሲ አንዱን ይመርጣል። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ውፍረቱ ያስረዳዋል። ስለ ውሃ የሚያነሳለት ግን የለም፤ ወለሉን የሚገድለው ደግሞ ውሃው ነው።

በነባሩ አሠራር ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ በአግዳሚ ላይ ይመታ ስለነበር ከሥሩ አየር ይመላለሳል። ክረምት ያበጠው በጋ ይጎድላል፤ ሲረግጡት ይንቋቋል እንጂ አይነሳም። እሳት ግን አይችልም፤ ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ሁሉም ያስታውሳል።

የዛሬው ፓርኬ የሚያርፈው ሊሾ ላይ ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ሊሾ በግምት ለአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ቀን ማድረቂያ ይፈልጋል። አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነው ከወር ተኩል በላይ ይጠብቃል፤ በሐምሌ ደግሞ ይብሳል። አስረካቢው ይቸኩላል፣ ባለቤቱ ኪራይ ይቆጥራል፣ ፓርኬው እርጥብ ላይ ይለጠፋል። መፈተኑ ቀላል ነበር፦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ሊሾው ላይ አንጥፎ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግና ማሳደር። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሊሾው ከጠቆረ አልደረሰም ማለት ነው። ከግድግዳው ዙሪያም አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መተው አለበት፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። ይህን ክፍተት "ያስጠላል" ብሎ ፓርኬውን ከግድግዳው ጋር ያጣበቀ ባለሙያ በክረምት መሀል ክፍሉ ላይ ጉብታ ያተርፋል።

ላሚኔት ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1977 የፈጠሩት የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው፤ ከላይ የእንጨት ፎቶ ተለጥፎበታል። ፊቱ ጠንካራ ነው፤ በመጋጠሚያው ውሃ ከገባ ግን ጠርዙ ያብጣል፣ ቢደርቅም አይመለስም። ኤስፒሲ የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ነው። ውሃ አይፈራም፤ አንዲት የእንጨት ስንጥር ስለሌለበት እዚሁ ልተወው።

እውነተኛውን እንጨት የሚፈልግ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አያቶቻችን የረገጡት ዝግባና ጽድ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቀርከሃ አማራጭ ነው ይባላል፤ የደጋውም የቆላውም ዝርያ አገራችን አለን። በየሳሎኑ እስካየው ድረስ ግን ደስታዬን አቆየዋለሁ።

ትልቁ ክርክር ሰም ወይስ ቫርኒሽ የሚለው ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለቫርኒሽ ይፈርዳል፤ አንዴ ተቀብቶ ለዓመታት ስለሚያሳርፍ። እኔ ወደ ሰሙ አደላለሁ። ቫርኒሽ ሲጫጫር ቦታውን ብቻ መጠገን ያስቸግራል፤ ክፍሉ በሙሉ በማሽን ይፋቃል። እያንዳንዱ ፍቀት ደግሞ ከእንጨቱ ይቀንሳል፤ ከላይ ሁለት ሚሊ ሜትር እንጨት ብቻ ያለው ፓርኬ ስንት ፍቀት ይችላል? ሰም የለቀቀበትን ቦታ ብቻ ቀብቶ መወልወል ይበቃል። እርግጥ የድሮው ሳሎን የሚያብለጨልጨው በሰሙ ብቻ አልነበረም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የብርድ ልብስ ቁራጭ ረግጣ ከጥግ ጥግ ስትንሸራተት በምትውል የቤት ሠራተኛ ጉልበት ነው። ያንን የሚሠራ ከሌለ ቫርኒሽ የመረጠውን አልወቅሰውም። ሁለቱን የሚደራርበውን ግን እወቅሰዋለሁ፤ ሰም በጠጣ እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይዝም፣ ይላጣል።

የዕለት እንክብካቤው አጭር ነው፦ በለስላሳ መጥረጊያ መጥረግ፣ ከዚያ ተጨምቆ ሊደርቅ በተቃረበ ጨርቅ ማበስ። ባልዲ ውሃ ደፍቶ ማጠብ የሴራሚክ ልማድ ነው። ፈረንሳዮች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1684 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት እብነ በረዱን አንስተው ፓርኬ ያስገቡት፣ እብነ በረዱ የሚታጠብበት ውሃ ከሥር ያለውን አግዳሚ እያበሰበሰ ስላስቸገራቸው ነው።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የዓውደ ዓመት ቄጠማ እርጥብ ሆኖ ካደረ ሰም የለቀቀውን ፓርኬ ያጠቁራል፤ አራግፎ መጎዝጎዝና ማታውኑ ማንሳት ነው። ከቡና ምድጃ የተፈናጠረ ፍም ደግሞ ጥቁር ጉድጓድ ይተዋል። ላሚኔት ላይ ከሆነ የሚበጀው ጣውላውን መቀየር ነው፤ ያው ቀለም ከገበያ ካልጠፋ። ትንንሽ ቁራጭ ፓርኬ ላይ ግን መላ አለ፦ የተቃጠለችውን ቁራጭ በመሮ ማውጣት፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ካለው አንዷን ነቅሎ በቦታዋ ማጣበቅ፣ የተቃጠለችውን ቁም ሳጥኑ ሥር መክተት። ከገበያ የሚገዛ አዲስ ቁራጭ በቀለሙ ስለሚለይ ከዚያው ቤት የወጣው ይመረጣል።