የበረሓን ሙቀት ስለ መከላከል ለነጋዴዎችና ለጭነት ባለቤቶች የቀረበ ማሳሰቢያ

ከሀገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ አብዛኛው የሚገባውና የሚወጣው በጅቡቲ ወደብ እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በመኪና የሚጓዘውም ጭነት ከአዋሽ በኋላ በሚሌና በጋላፊ በኩል የአፋርን ቈላ ያቋርጣል። ስለ ቀረጥና ስለ ማጓጓዣ ዋጋ ዘወትር እንነጋገራለን፤ ዕቃውን ይዞ በዚያ ሐሩር ስለሚያልፈው ሾፌርና ረዳት ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው።

አገሩ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት አንዱ ነው። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዳሎል፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ዓ.ም. በተደረገው ልኬት፣ ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ተደምሮ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ አካባቢ አሞሌ ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋ የሚያወጡ ነጋዴዎች ማለዳውንና ሌሊቱን ለጉዞ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሰው ገላ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ አካባቢ የሚጠብቀው ከሁሉ ይልቅ ላቡ በመትነኑ ነው። በአፋር ደረቅ አየር ላብ ሳይታይ ስለሚተን ሰው ውሃ ማጣቱን አያውቀውም። በጅቡቲ ጠረፍ ደግሞ አየሩ እርጥበት ስላለው ላቡ ሳይተን ይቀራል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ዝቅ ያለ ቍጥር ቢያሳይም እንኳ ገላ ይበልጥ ሊጨነቅ ይችላል። በሙቀት ውስጥ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላልና፣ ጥማት ሳይጠብቅ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ፤ ምግቡንም አይተው፤ በላብ የወጣው ጨው የሚተካው በምግብ ነውና። አልኮል ውሃን ከገላ ያስወጣል፤ ጫትም ድካምን ይሸሽጋል እንጂ አያስወግድም።

ሕመሙ በሁለት ደረጃ ይታያል። በመጀመሪያው ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መዛል ይመጣል፤ ሰውየውን ጥላ ውስጥ አሳርፎ፣ ልብሱን አላልቶ፣ ውሃ ቀስ በቀስ ማጠጣት ይበቃል። ሁለተኛው ግን ለሞት የሚያደርስ ነው፤ የገላው ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል ወይም ያልፋል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። በዚህ ጊዜ ሐኪም እስኪገኝ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያው መላ ገላውን በውሃ ማራስና ማራገብ፣ ከዚያም ወደ ሕክምና ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ መስጠት ክልክል ነው፤ ያንቀዋልና።

ከደጋ የመጣ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑም አንድ አምስተኛ ይጨመርለት። ገላ ሙቀትን የሚለምደው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና።

መኪናውም ጥንቃቄ ይሻል። የጎማ ነፋስ የሚለካው ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ የጋለ ራዲያተር አይከፈትም። መኪናው ቢበላሽ በእግር ርዳታ ፍለጋ ከመሄድ በጥላው ሥር መቈየት ይሻላል፤ ለዚህም ከራዲያተሩ ውሃ የተለየ፣ ለመጠጥ ብቻ የሚሆን ሙሉ ጀሪካን ሊኖር ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ሾፌሩ የሚያርፍበት ጊዜ ከሌለው ከንቱ ነው። የጭነት ውል ስናዘጋጅ የመድረሻውን ሰዓት የምንወስነው እኛ በጥላ የተቀመጥን ሰዎች ነን። በዘገየው ሰዓት ልክ መቀጫ የሚያስከፍል ውል፣ ሰውየውን በቀትር እንዲነዳ የሚያስገድድ ትእዛዝ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ለዕረፍት እንዲሆን በውሉ ቢጻፍ፣ ጭነቱ የሚዘገየው በጥቂት ሰዓት ነው፤ ሾፌሩ መሪውን እንደ ያዘ ራሱን ቢስት ግን ሰውም፣ መኪናም፣ ዕቃም በአንድነት ይጠፋሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ይህን አንድ መስመር ከሚቀጥለው ውል ላይ መጨመር ለነጋዴው ጥቅምም ግዴታም ነው።