የቅብ ጌጣጌጥ ጽዳት፦ ተረትና እውነታ

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚገኙበት ሰፈር ለሰርግና ለዓመት በዓል ከሀበሻ ቀሚስ ጋር ከሚደረጉት ድሪዎችና ጉትቻዎች በርካታዎቹ በተለምዶ «አርቲፊሻል» የሚባሉ፣ ከናስ ተሠርተው ወርቅ የተቀቡ ጌጦች ናቸው። የቅቡ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ በመሆኑ፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ አሮጌ ጌጥ በአንድ ቀን ጽዳት ሊበላሽ ይችላል።

ኮልጌትና አመድ ጌጥን ያበራሉ የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ጌጡ በእርግጥ ያበራል። የጥርስ ሳሙና የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት ስላለበት ወርቁን ይዞት ይሄዳል፤ ከፍቂያው በኋላ የሚታየው ቢጫ ድምቀት ግን ከሥር የወጣው ናስ ነውና ብዙም ሳይቆይ ይጠወልጋል። ድፍን የብር ጌጥን በአመድ መወልወል የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ድፍን ብር ተፍቆ የሚተርፍ አካል ሲኖረው ቅብ ጌጥ ግን የለውም።

ሎሚና ኮምጣጤ አረንጓዴውን ዝገት ማሟሟታቸው እውነት ነው፤ ሆኖም አሲዱ በቅቡ ሽንቁሮች ገብቶ ናሱንም ይበላል። በናይሮቢ «ጂክ» የሚባለው በረኪና ደግሞ ጌጡን ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

በሳሙና ውሃ መዘፍዘፍ ጉዳት የለውም ብለው የሚያምኑም ብዙዎች ናቸው። የአሮጌ ጌጥ የመስተዋት ፈርጥ የሚያብለጨልጨው ጀርባው እንደ መስታወት ብርሃን በሚመልስ ስስ የብረት ሽፋን ስለተለበጠ ሲሆን፣ ውሃ በጠርዙ ሰርጎ ከፈርጡ ጀርባ ሲቀር ሽፋኑ ይጠቁራል፣ ማጣበቂያውም ይላላል፤ እንዲህ የደበዘዘ ፈርጥ በማናቸውም እጥበት አይመለስም። ሰው ሠራሽ ዕንቁም ቢሆን ውበቱ በላዩ በተቀባው ስስ ሽፋን ላይ ስለሆነ አልኮልና አሴቶን ያሟሙታል።

አሉሚኒየም ፎይልና ሶዳ በሙቅ ውሃ መጠቀም የሚጠቅመው ለብር ብቻ ነው፤ አሉሚኒየሙ ከጠቆረው ብር ላይ ድኙን ይወስድና ብሩን ይመልሰዋል። ይሁንና 1780 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመበትን፣ 83 በመቶ ያህል ብር የያዘውን የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ አቅልጠው በሠሩት መስቀል ላይ፣ የቅርጹን ስርጉድ አጉልቶ የሚያሳየውን ጥቁረት አብሮ ማጥፋቱ ትልቅ ጥፋት ነው።

ተገቢው መንገድ ቀላል ነው፦ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ለብ ያለ ውሃ በተነከረና በደንብ በተጨመቀ ለስላሳ ጨርቅ ላዩን ቀስ ብሎ ማበስ፣ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን ማንሳት፣ ከዚያም እርጥበት ወደ ጀርባው እንዳይወርድ ፈርጡን ወደ ታች ደፍቶ ማድረቅ። ላብና ሽቶ ቅቡን ስለሚጎዱ፣ ከበዓል መልስ ጌጡን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማስቀመጥ ከብዙ እጥበት ያድናል። ቅቡ አንዴ ከተላጠ ግን መፍትሔው ወርቅ ቀቢ ባለሙያ ዘንድ እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው።